ወፍራም ነው ቀጭን?

ባሕር ዳር ውስጥ አንዱ የመለዋወጫ ሱቅ ገብታችሁ የሞተር ዘይት ብትሉ ሻጩ ሁለት ነገር ይጠይቃችኋል። መጀመሪያ፣ «ቤንዚን ነው ናፍጣ?» ይላል። ይህን ሁሉም ሰው ይመልሳል። ቀጥሎ፣ «ወፍራም ይሁን ቀጭን?» ይላል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን ጥያቄውን መልሰን ለእሱ እንሰጠዋለን፤ «ለእኛ አገር የቱ ይሻላል?» መልሱም የታወቀ ነው። «አገሩ ሞቃት ነው፤ ወፍራሙን ውሰድ።» ሂሳብ ይከፈላል፣ ጋሎኑ ይያዛል፣ ይወጣል።

ምክሩ ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ ግን ሞተር ይጎዳል።

ዘይትን በራስ መቀየር ከባድ ሥራ አይደለም። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ሰፊ ሳፋ፣ ጥቂት ጨርቅና የእሑድ ከሰዓት ይበቃዋል። የሚያስቸግረው ሱቁ ውስጥ ያለው ምርጫ ነው። ዛሬ የምጽፈውም በአብዛኛው ስለዚያ ነው። ነገሩ የሚያሳስበኝ ምክንያት አለኝ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ ዛሬ ከተማችን ውስጥ የምናያቸው ቪትዞች፣ ኮሮላዎችና የድሮዎቹ ዲኤክሶች ገና ብዙ ዓመት ማገልገል አለባቸው። ሞተር አስወርዶ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) እና ብሮንዝ (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ብረት) ማስቀየር ምን ያህል እንደሚያስወጣ የቀመሰው ያውቀዋል። ያንን ወጪ ከሚያርቁት ነገሮች መካከል በእጃችን ያለው ዘይቱና ፊልትሮው ነው።

ከቁጥሮቹ እንጀምር። በጋሎኑ ላይ 5ደብልዩ-30፣ 10ደብልዩ-40፣ 15ደብልዩ-40፣ 20ደብልዩ-50 የሚሉ ጽሑፎች ታያላችሁ። ብዙ ሰው ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥራቱም ከፍ ያለ ይመስለዋል። ቁጥሩ ስለ ጥራት ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ ውፍረት ነው፤ አንዴ በብርድ፣ አንዴ በሙቀት ተለክቶ።

ከደብልዩ በፊት ያለው የብርዱ ነው። ደብልዩ ራሷ የፈረንጆቹን የብርድ ወቅት የምታመለክት ፊደል ናት። የእነሱ ብርድ ግን ውኃ በረዶ የሚሆንበት ነው። ባለ 5ደብልዩ ዘይት ሞተር ማስነሳት መቻሉ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው። 10ደብልዩ ከዜሮ በታች 25፣ 15ደብልዩ ከዜሮ በታች 20፣ 20ደብልዩ ከዜሮ በታች 15 ላይ ይፈተናል። ባሕር ዳር በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ቢበርድ ቢበርድ ከ10 ዲግሪ ትንሽ ዝቅ ይላል። ስለዚህ እኛ ጋ ሁሉም ሞተር ያስነሳሉ። አምራቹ ራሱ ካላዘዘ በቀር፣ ብርዱን ፈርቶ ውድ ባለ 0ደብልዩ መግዛት አያስፈልግም።

እንዲያም ሆኖ ጠዋት ላይ ልዩነት አለ። ማር በጥር ጠዋት ከማሰሮ ሲገለበጥ እንዴት እንደሚዘገይ፣ ፀሐይ ሲመታው ደግሞ እንዴት እንደሚፈስ አስቡ። ዘይትም እንደዚያው ነው። መኪናው ሲያድር ዘይቱ ወደ ኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ወዳለው የዘይት ገንዳ፣ ይወርዳል። ጠዋት ስታስነሱ ፓምፑ ከታች ስቦ እስከ ላይኛው የሞተር ክፍል ያደርሰዋል። እስኪደርስ ያሉት ጥቂት ሴኮንዶች ብረት ከብረት በጣም የሚፋተግባቸው ናቸው። በ40 ዲግሪ ሲለካ 20ደብልዩ-50 ከ5ደብልዩ-30 ከእጥፍ በላይ ይወፍራል። በብርድ ጠዋት ልዩነቱ ከዚያም ይሰፋል። በቀን አሥር ጊዜ ሞተር እያጠፋ ለሚያስነሳ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር የሚለካው በ100 ዲግሪ ነው። 100 ዲግሪ የተመረጠው በዘፈቀደ አይደለም። ሞተር አንዴ ከሞቀ ቴርሞስታቱ የራዲያተሩን ውኃ ከ80 እስከ 90 ዲግሪ አካባቢ ይይዘዋል፤ ዘይቱም በዚያው አካባቢና ከዚያ ከፍ ብሎ ይሠራል። ባሕር ዳር በሚያዝያ 30 ዲግሪ ብትደርስም፣ ደብረ ታቦር በጥር ብትበርድም፣ የሞቀ ሞተር ውስጥ ያለው ዘይት የውጩን አየር ያን ያህል አይሰማውም። «አገሩ ሞቃት ነው» የሚለው ምክር የሚስተው እዚህ ላይ ነው። አምራቹ በብሮንዙና በክራንክ ሻፍቱ (በሞተሩ ዋና ዘንግ) መካከል ያለውን ክፍተት ሲወስን ለዚያ ሙቀት የሚሆነውን የዘይት ውፍረትም አብሮ ወስኗል። ከዚያ በጣም የወፈረ ዘይት በጠባቡ መንገድ ለማለፍ ይቸገራል፣ ነዳጅም ይጨምራል። በጣም የቀጠነ ደግሞ ጫና ሲበዛ ተጨፍልቆ ይሸሻል።

ጫና ስል፣ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል የሄደ ሰው የዓባይን በረሃ ያውቃል። ከደጀን ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ጎሃ ጽዮን ሽቅብ፤ በየበኩሉ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። በዚያ ዳገት ተጭኖ በሁለተኛ ማርሽ የሚወጣ መኪና ዘይቱ ከወትሮው በላይ ይግላል። በሳምንት ሁለቴ የሚመላለስ ሚኒባስና ከከተማ የማይወጣ ቪትዝ አንድ ዓይነት ዘይት አይመርጡም።

ታዲያ የቱን እንግዛ? መጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱና የዘይት መጨመሪያውን ክዳን ተመልከቱ። በብዙ መኪኖች ክዳኑ ላይ የሚመከረው ቁጥር ተቀርጿል። መመሪያ መጽሐፉ ካለ እሱ ይቀድማል፤ ችግሩ ብዙዎቹ መኪኖቻችን ያገለገሉ ሆነው ስለመጡ መጽሐፉ ወይ የለም፣ ወይ በጃፓንኛ ነው። በጃፓንኛ ቢሆንም የዘይቱ ቁጥር በሁሉም ቋንቋ ያው ነው። ገጹን ገልጣችሁ ቁጥሩን ፈልጉት። ለውጭ ገበያ በተዘጋጁ መመሪያዎች ላይ ደግሞ የሙቀት ሰንጠረዥ ይኖራል፤ ለሞቃት አገር ወፈር ያለውንም ይፈቅዳል። ስለዚህ ቪትዝ ውስጥ 20ደብልዩ-50 የጨመረ ሰው ሞተሩን በአንድ ቀን ገደለ ማለት አይደለም።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ደህና ሞተር ላለው ቪትዝ ወይም አዲስ ሞዴል ኮሮላ 5ደብልዩ-30 ወይም 10ደብልዩ-30። እነዚህ ሞተሮች ቫልቮቹ የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ በዘይት ግፊት የሚያስተካክል ክፍል አላቸው፤ ዘይቱ የሚያልፈው በጠባብ ቀዳዳና በደቃቅ ወንፊት ነው፤ ቀጭን ዘይት ይወዳል። ሞተሩ አርጅቶ ዘይት መብላት ከጀመረ አንድ ደረጃ ከፍ ማድረግ ያስኬዳል፤ ከ30 ወደ 40። ሁለት ደረጃ መዝለል ግን በሽታውን መሸፈን ነው። ለድሮው ዲኤክስ 15ደብልዩ-40 ወይም 20ደብልዩ-50 ተስማሚው ነው፤ ያ ሞተር ሲሠራም ለእንደዚያ ዓይነት ዘይት ነው የተሠራው። ለናፍጣ ሃይስ 15ደብልዩ-40 የተለመደ ነው፣ ትክክልም ነው።

ጥራቱ የሚነበበው በሌላ ቦታ ነው። ኤፒአይ (የአሜሪካ የነዳጅ ተቋም) ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ሁለት ፊደሎችን ፈልጉ። በኤስ የሚጀምረው ለቤንዚን፣ በሲ የሚጀምረው ለናፍጣ ነው። በቤንዚኑ በኩል ሁለተኛው ፊደል በእንግሊዝኛው ተራ ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤል በ2001፣ ኤስኤም በ2004፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 በፈረንጆች አቆጣጠር የወጡ ናቸው። አዲሱ የድሮውን ይተካል፤ ኤስኤል የታዘዘለት ሞተር ኤስኤን ቢጨመርለት ደስ ይለዋል። በተቃራኒው ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የሚል ጋሎን በርካሽ ስላገኛችሁ አትውሰዱ፤ ከፈረንጆቹ 1980ዎቹ የቀረ ደረጃ ነው። ለናፍጣ ሲኤች-4 ወይም ሲአይ-4 የሚለውን ፈልጉ። ናፍጣ ብዙ ጥላሸት ወደ ዘይቱ ይልካል፤ የናፍጣ ዘይት ያንን ጥላሸት በትኖ የሚይዝ ብዙ ቅመም ይጨመርበታል። ለቤንዚን ብቻ የተሠራ ዘይት ናፍጣ ሞተር ውስጥ ቶሎ ጭቃ ይሆናል። ሲአይ-4/ኤስኤል ብሎ ሁለቱንም የጻፈ ካገኛችሁ ለሁለቱም ይሆናል።

የባጃጅ ሹፌሮች ይህን ክፍል በተለይ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ። በመኪና ፍሪሲዮኑ ከሞተር ዘይት ተለይቶ በደረቅ ይሠራል። በባጃጅና በአብዛኛው ሞተር ሳይክል ግን ፍሪሲዮኑ የሚዋኘው እዚያው የሞተር ዘይት ውስጥ ነው። አንዳንድ የመኪና ዘይት፣ በተለይ ነዳጅ ቆጣቢ የሚባለው ቀጭኑ፣ ማንሸራተቻ ቅመም አለበት። ያ ቅመም የፍሪሲዮኑን ሳህኖች ያንሸራትታቸዋል። ሞተሩ ይጮኻል፣ ባጃጁ አይሄድም። ሹፌሩ ፍሪሲዮን ጨረሰ ብሎ ያስቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የዘይቱ ነበር። ስለዚህ ጋሎኑ ላይ ጃሶ (የጃፓን ደረጃ) ኤምኤ ወይም ኤምኤ2 የሚል መኖሩን ሳታዩ አትግዙ። ኤምቢ የሚለው ለሌላ ነው፣ ይቅርባችሁ። ውፍረቱ 20ደብልዩ-50 ቢሆን ለባጃጅ ተገቢው ነው። እንግዲህ ወፍራም ዘይት በቦታው ሲሆን እንዲህ ጥሩ ነው።

ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመመ) ወይስ ማዕድናዊ (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ)? ሲንተቲኩ ሙቀትን ይበልጥ ይችላል፣ ቶሎ አይበላሽም፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ገንዘቡ ካለ ጥሩ ነው። ከሌለ ደህና ማዕድናዊ ዘይት በጊዜው መቀየር ውድ ዘይት ገዝቶ ከማስረዘም ይሻላል። ሁለቱ ቢደባለቁ ይረጋሉ የሚባለው እውነት አይደለም።

አስመስሎ የተሠራ ዘይት ግን እውነተኛ ችግር ነው። ያገለገለ ጋሎን ተሰብስቦ ሌላ ነገር ይሞላበታል። የክዳኑ ቀለበት ያልተሰበረ፣ ከውስጥ ያለው ሽፋን ያልተነካ፣ የምርት ቁጥሩ ከጎን ወይም ከታች የተመታ መሆኑን እዩ። ዋጋው ከሌላው ሱቅ በጣም ከወረደ ተጠራጠሩ። ባዶውን ጋሎን ስትጥሉ ደግሞ በቢላዋ ብሱት፤ ማንም ዳግም አይሞላውም። ከበርሜል እየተቀዳ በሊትር የሚሸጠውን እኔ አልገዛም፤ ምን እንደሆነ የሚነግረኝ ጽሑፍ የለበትም።

አሁን ወደ ፊልትሮው። ሰው ለዘይቱ ብዙ ብር አውጥቶ ፊልትሮው ላይ ሲቆጥብ ሳይ ያናድደኛል። ፊልትሮ ቆርቆሮ ብቻ ይመስላል። ውስጡ ግን የታጠፈ ወረቀት አለ፣ ሁለት ትንንሽ በሮችም አሉ። አንደኛው በር ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ከፊልትሮው ተመልሶ እንዳይወርድ ይይዘዋል። ይህ በር የሚሠራው ከጎማ ነው። ርካሽ ፊልትሮ ላይ ጎማው ቶሎ ይደርቅና ይጠነክራል። ጠዋት ሞተሩን ስታስነሱ ለሁለት ሦስት ሴኮንድ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ከጠፋ፣ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ። ሁለተኛው በር የሚከፈተው ወረቀቱ ሲደፈን ወይም ዘይቱ በጣም ሲወፍር ነው፤ ሞተሩ ያለ ዘይት እንዳይቀር ሳይጣራም ቢሆን ያሳልፈዋል። ወፍራም ዘይት በብርድ ጠዋት የሚያመጣው ሌላው ጉዳት ይኸው ነው። ቆሻሻው ሳይጣራ ያልፋል።

ሱቅ ውስጥ ፊልትሮውን በእጃችሁ ያዙት። ዙሪያውን ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ ከኋላቸው ጎማው ይታያል። በቀስታ ስትነኩት ለስላሳ መሆን አለበት። የመሐሉ ጥርስ ንጹሕ፣ የብረት ፍርፋሪ የሌለበት ይሁን። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለእናንተ ሞተር የተሠራ ይሁን። የቶዮታ ቪትዝ ፊልትሮ ጥርስ 19 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የኒሳንና የሃዩንዳይ አብዛኛው 20 ሚሊ ሜትር ነው። በዓይን አይለዩም። ባለ 20ው በባለ 19ኙ ላይ ሲገባ የያዘ ይመስላል፣ ግን ላላ ብሎ ነው የተቀመጠው። ግፊቱ ሲጨምር ይበር ይሆናል። «ይገባል፣ ያው ነው» ለሚል ሻጭ ጆሮ አትስጡ። አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱና ቁጥሩን አስተያዩ።

የአየሩንም ፊልትሮ አትርሱት። ወደ ገጠሩ የኮረኮንች መንገድ የሚወጣ መኪና በበጋ የሚውጠው አቧራ ብዙ ነው። አቧራ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አለ። ወደ ሲሊንደሩ ከገባ ከዘይቱ ጋር ተለውሶ ሞተሩን እንደ ሞረድ ይበላዋል። በአየር ማስነፋት አንድ ሁለቴ ይቻላል፣ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በቀስታ። በቤንዚን ማጠብ ወረቀቱን ያበላሸዋል።

መቀየሩ ራሱ እንዲህ ነው። ሞተሩን አምስት ደቂቃ አሙቁትና አጥፉት፤ የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። ሜዳ ቦታ ላይ አቁሙ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር በፍጹም አትግቡ። ክሪክ ይከዳል። የብረት መደገፊያ አድርጉ፣ የቆሙትን ጎማዎችም በድንጋይ ያዙ። የኮፓውን ብሎን ፍቱ፣ ጨርሶ እስኪንጠባጠብ ጠብቁ። የብሎኑን ቀለበት በአዲስ ቀይሩ፣ ብሎኑንም መልሳችሁ እሰሩ።

ፊልትሮው ላይ ቆም እንበል። አንድ ጊዜ አክስቴ መኪናዋን ዘይት አስቀይራ ወደ ጢስ ዓባይ ስትሄድ ግማሽ መንገድ ላይ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ወዲያው ሞተሩን አጥፍታ ደወለችልኝ። «እቴዋ፣ አታስነሺው፣ መጣሁ» አልኳት። ደርሼ ሳይ ከመኪናው ኋላ መንገዱ በዘይት ተሰምሯል። የቀየረው ሰው አሮጌውን ፊልትሮ ሲፈታ ጎማው ከሞተሩ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል፤ አላየውም፤ አዲሱን በላዩ አሰረው። ሁለት ጎማ ተደርቦ ግፊት አይችልም። ሞተሩ የተረፈው እሷ «ትንሽ ልሂድና ላይ» ስላላለች ብቻ ነው። ስለዚህ አሮጌውን ስትፈቱ ጎማው አብሮት መውጣቱን በዓይናችሁ እዩ፣ ቦታውን በጣታችሁ ዳስሱ። የአዲሱን ጎማ በአዲስ ዘይት ቀቡት። በእጅ አዙሩት፤ ጎማው ከነካ በኋላ ሦስት አራተኛ ዙር ይበቃል። በቁልፍ አትጭመቁት።

ስትሞሉ መለኪያ ዘንጉን እመኑ። ጋሎኑ 4 ሊትር ስለሆነ ሞተሩ 4 ይወስዳል ማለት አይደለም። አብዛኛው ትንሽ አውቶሞቢል ከ3 እስከ 4 ሊትር ባለው መሐል ይጠግባል። ከልክ በላይ ከሞላ ክራንክ ሻፍቱ ዘይቱን እየመታ አረፋ ያደርገዋል፣ አረፋ ደግሞ አያለሰልስም። ሦስት ሊትር ጨምሩ፣ ለኩ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ። አስነሱት፤ ቀዩ መብራት በጥቂት ሴኮንድ መጥፋት አለበት። አጥፉት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቁ፣ እንደገና ለኩ።

ቀጣዩ መቼ ነው? ለማዕድናዊ ዘይት 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ ቀድሞ የመጣው። ለሲንተቲክ አምራቹ 10,000 ቢልም፣ አቧራና አጭር ጉዞ ለሚበዛበት ብዙ መመሪያዎች ግማሽ አድርጉት ይላሉ። ያ የእኛ ኑሮ ነው። ዘይቱ ስለጠቆረ ብቻ አትደንግጡ፤ መጥቆሩ ቆሻሻውን ተሸክሞ እየሠራ መሆኑ ነው፤ የናፍጣማ በቀናት ውስጥ ይጠቁራል። መደንገጥ ያለባችሁ መልኩ ማኪያቶ ሲመስል ነው። ያኔ ውኃ ገብቷል፣ ወደ መካኒክ።

የወጣው የተቃጠለ ዘይት የት ይሄዳል? ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ እባካችሁ። የከተማችን ቦይ በክረምት ወዴት እንደሚፈስ ሁላችንም እናውቃለን። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ በጣም ጥልቅ በሆነበት እንኳ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዘይት በውኃ ላይ እየሳሳ ይሰፋል፣ ደንገሉን ይለብሳል፣ ዓሣው ከሚራባበት ዳርቻ ይተኛል። እምቦጭ ያደረሰበት አይበቃም? በባዶው ጋሎን መልሳችሁ ሙሉትና የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ለሚያጠራቅም ጋራዥ ስጡ፤ ከዚያ በኋላ ጋሎኑን ብሱት። እጃችሁንም በሳሙና ታጠቡ፤ የተቃጠለ ዘይት ቆዳ ላይ ሲቆይ ካንሰር የሚያመጡ ነገሮች አሉበት። ለልጅ አታስነኩት።

ማታ መኪናውን ስታሳድሩ ከኮፓው ሥር ንጹሕ ካርቶን አንጥፉ። ጠዋት ከማስነሳታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ እዩት። በብሎኑ በኩል ከሆነ የተንጠባጠበው ቀለበቱን፣ በፊልትሮው በኩል ከሆነ ጎማውን እንደገና ተመልከቱ።